አራተኛዋ ጥያቄ

መስከረም 20 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለድንቢጥ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እንጀራሽን ከሰው ፊት አያዋርድብሽ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፣ ጣሪያው አያፈስም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ማንበቡ ማለቴ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በነበረች ጊዜ አንባቢዋም ጸሐፊዋም እሷ ነበረች። አሁን ባለፋርማሲው "ላንብብልዎ?" ቢለኝ "የወንድሜን ልጅ ገመና በሰው አፍ አልሰማም" ብዬ መነጽሬን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ከተንጋደደብሽ አንቺም አንገትሽን አንጋደሽ አንብቢው።

ፈተና ወደቅኩ አልሽ። ሌላውን ሁሉ አልፌ የአእምሮ ሕሙማን ነርስነት በሚለው ብቻ ወደቅኩ፣ አንድ ዕድል ቀርቶኛል፣ እሱም ጥር ላይ ነው፣ እሱን ከሳትኩ ያሰናብቱኛል አልሽ። እዚህ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ "ምናልባት ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ይሆናል" የሚል ነገር ጨመርሽበት። ያንን መስመር በእርሳስ ሰርዤዋለሁ። ደብዳቤው የጻፍሽው ቢሆንም ከደረሰኝ ወዲያ የኔ ነው፤ ያልወደድኩትን እሰርዛለሁ።

አርባ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። ግድግዳ ሲዘምም መንገደኛው ሁሉ ጫፉን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። ግንበኛ ግን ከስንተኛው ረድፍ ጀምሮ እንደዘመመ ነው የሚፈልገው። ከዚያ በላይ ያለውን አፍርሶ ከዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ የሳትሻቸውን ጥያቄዎች ጽፈሽ ላኪልኝ። አትሳቂ። ትምህርቱን አላውቀውም፤ አንቺን ግን ከዳዴሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ። ከየት እንደዘመምሽ እነግርሻለሁ።

ስልክ አትደውዪ። ስልኩን ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ፣ ጩኸቱ አስቸገረን። ልጄ መምህሩ ሰላም ይልሻል። ሆዱን ትንሽ ስለሚያመው ከማስተማሩ ፈቃድ ወስዶ ከኔ ጋር ተቀምጧል። ገንዘብም አትላኪ። ጥያቄ ላኪ።

አጎትሽ፣ ግንበኛው


ጥቅምት 11 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ባሕርና ተራራ ቢለየንም ጉልበትዎን ስሜአለሁ። ዕድሜና ጤና ያብዛልዎ፤ ቁጣዎንም አያጉድልብኝ፤ እሱን ካጣሁ ማን ያነሳኛል?

አትሳቂ ቢሉኝም ስቄአለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጮክ ብዬ ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ግን አሰብኩበት። እዚህ ጠዋት ጠዋት በአረጋውያን ማረፊያ አንሶላ እቀይራለሁ፤ ከሰዓት ክፍል እገባለሁ፤ ማታ የማጠናው የጋራው ወጥ ቤት ውስጥ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነው፣ ከቤቱ ሁሉ እሱ ጥግ ይሞቃል። የሚያነብልኝም የሚያስረዳኝም የለም። እንግዲህ እርስዎ ይሁኑልኝ።

አንደኛዋ ጥያቄ። ባሏ የሞተባት ሴት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ነርሷ ምን ታድርግ? እኔ "አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል በያት" የሚለውን መረጥኩ። ስህተት።

ሁለተኛዋ። ሕመምተኛው "ጣሪያው ላይ ሰዎች ስለ እኔ ያወራሉ" ይላል። እኔ "ማንም የለም፣ የራስህ ሐሳብ ነው በይው" የሚለውን መረጥኩ። ስህተት።

ሦስተኛዋ። አንድ ሰው "መኖሬ ለማንም አይጠቅምም" ይላል። ነርሷ ከሁሉ በፊት ምን ትበል? እኔ "ጨዋታ ቀይሪለት" የሚለውን መረጥኩ። ይህንንም ሳትኩት።

ትክክለኛውን መልስ አልጽፍልዎትም። መጀመሪያ እርስዎ ይሞክሩ።

የመምህሩ ሆድ ግን ምን ሆነ? የሒሳብ መምህር ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ፈቃድ አይወስድም። ደግሞ አንድ ሚስማር ያዋሱትን ሰው ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ የሚያስታውሱ ሰው፣ ስልኬን ለጎረቤት ሰጠሁ ሲሉኝ ገረመኝ።

ድንቢጥዎ


ጥቅምት 30 ቀን

ለድንቢጥ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለማሽኑም ጭምር፣ ካሞቀሽ።

ሚስማሩን የወሰደው ሰው እስካሁን አልመለሰም። ወደ ጥያቄው።

አንደኛዋ ቀላል ናት። ዝም ብላ አጠገቧ ትቀመጥ። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ "ሁሉም ያልፋል" ያለኝን ሰው ሁሉ አንገቱን ይዤ ባስወጣው ደስ ባለኝ። ደህና ሰው የነበረው አሸዋ ጫኙ ብቻ ነው። መጣ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ምንም አላለም፣ ሲመሽ ቆቡን አንሥቶ ሄደ። በማግሥቱም መጣ። እስከ ዛሬ ያንን ሰው መንገድ ላይ ሳየው ቀድሜ ነው ሰላም የምለው፣ በዕድሜ ግን እኔ እበልጠዋለሁ።

ሁለተኛዋ ላይ የተሰጡሽ ምርጫዎች ሁሉ የሰነፍ ናቸው። ጣሪያው ላይ ሰው አለ ካለ መሰላል አቁሞ ወጥቶ ማየት ነው! እኔ ወጥቼ አሳይቼዋለሁ። ሁለት ቆርቆሮ ረግጬ አጎበጥኩ። ስወርድ "ድምፅህን ሰምተው ሸሹ" አለኝ። ይህን ያለኝ የጎረቤት ልጅ ነው። አንድ ጎረቤት አለን፣ ልጁ እንዲህ ያደርገዋል። ጥሩ ልጅ ነው፣ የተማረ ነው።

ሦስተኛዋን አልወደድኳትም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አይጠየቅም። እለፊያት።

ከየት እንደዘመምሽ ግን አገኘሁት። ሦስቱም ላይ የሠራሽው ጥፋት አንድ ነው። ሰውየውን ቶሎ ዝም ማሰኘት ነው የፈለግሽው። ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ አልተማርሽውም፤ ከኛ ነው። በቤታችን የሚያለቅስ ሰው እንባው ሳይወርድ መሐረብ ይጋረድበታል። እዚያ ረድፍ ላይ አፍርሺና ጀምሪ።

ስለዚያ ስለ ጎረቤቴ ልጅ ትምህርትሽ ምን ይላል? አባቱን ጨንቆታል። ሐኪም ቤት ወስዶት ኪኒን ተሰጥቶት ነበር፤ ልጁ ሁለት ሳምንት ውጦ "ያደነዝዘኛል፣ አልፈልግም" አለ። አሁን ደግሞ የቤቱን ምግብ አልቀምስም ማለት ጀምሯል። ስለ ምግብ የሚል ጥያቄ ካለሽ ላኪልኝ። ለአባቱ አነብለታለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 15 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ከርቀት ትከሻዎን አቅፌአለሁ።

"ዝም ማሰኘት ነው የፈለግሽው" ያሉትን በትልቁ ጽፌ ማሽኑ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መለማመጃ በሠራሁ ቁጥር መልስ ከመምረጤ በፊት "ይህ ምርጫ ሰውየውን ያናግረዋል ወይስ አፉን ይይዘዋል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ከሃያው አሥራ ስድስቱን አገኘሁ። በፊት አሥር አልሞላም ነበር።

የአንደኛዋን በትክክል መለሱ። አሸዋ ጫኙ ፈተናውን ያልፍ ነበር።

ሁለተኛዋ እንዲህ ናት። አይከራከሩትም፤ አዎ አሉ ብለውም አይዋሹትም። መሰላልም አያስፈልግም። "እኔ ድምፁን አልሰማሁም። አንተ ግን እንደፈራህ ይታየኛል" ይሉታል። ፍርሃቱ እውነት ነውና ስለ ፍርሃቱ ያወሩታል።

ሦስተኛዋን "እለፊያት" አሉኝ፤ አላልፋትም። መልሱ በግልጽ መጠየቅ ነው። "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ይባላል፣ በዚሁ ቃል፣ ሳይሸፋፈን። አስተማሪያችን ጥያቄው ሐሳቡን በሰው ራስ ውስጥ አይተክለውም ትላለች። ሐሳቡ ካለ ሰውየው ብቻውን ተሸክሞት እንዳይኖር ያደርገዋል።

ለጎረቤትዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ግትር ሰው ይመስለኛል። ልጁንም የሚወድ ይመስለኛል። ልጁ አንድ ሙሉ ቀን ውኃ ካልጠጣ፣ ወይም ሰውነቱ ከተዳከመ፣ የኔን ደብዳቤ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይውሰደው።

አራተኛዋ ጥያቄ ይችውልዎ፣ ስለ ምግብ ናት። ሕመምተኛው "ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምሩበታል" ብሎ መብላት አቆመ። ነርሷ ምን ታድርግ?

ሀ. ፊቱ ቀምሳ ታሳየውና ብላ ትበለው።
ለ. ምንም እንደሌለበት ታስረዳው።
ሐ. እስኪረጋጋ ድረስ መድኃኒቱን ሳታሳውቀው በምግቡ ውስጥ ትስጠው።
መ. ራሱ የሚከፍተው የታሸገ ምግብ ታቅርብለት፤ የሚሰጠውን ሁሉ ምን እንደሆነ ትንገረው።

እኔ ሀን ነበር የመረጥኩት። አሁን መልሱን አውቀዋለሁ። ጎረቤትዎ የትኛውን እንደሚመርጥ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ድንቢጥዎ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ነሽ? እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሁለተኛዋን ነገርኩት። "እንደፈራህ ይታየኛል" የሚለውን። ሠርቷል። ልጁ ግማሽ ሰዓት አወራ ብሎኛል አባቱ። ሦስተኛዋን አልጠየቀውም፤ እኔም አላስገደድኩትም።

አራተኛዋ ግን የተበላሸች ጥያቄ ናት። ያወጣት ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም። ሐ ምን ነውር አለው? ሕፃን መራራ መድኃኒት በስኳር ይሰጠው የለም? በስኳር የሰጠች እናት መርዘኛ ናት? ጎረቤቴ ከመስከረም መግቢያ ጀምሮ ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ እየፈጨ ሾርባ ውስጥ ይጨምርለት ነበር። ልጁም ተሽሎት ነበር! ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ትቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ የድሮ ደብተሮቹን አውጥቶ ነበር። በጥቅምት አንድ ቀን ሾርባውን ቀመሰና ማንኪያውን አስቀመጠ። "ይመራል" አለ። አባቱ "ሽንኩርቱ አርሮ ነው" አለው። ከዚያች ቀን ወዲህ ከአባቱ እጅ አንዲት ነገር አልቀመሰም። ከሱቅ የሚገዛው ብስኩትና የታሸገ ውኃ ብቻ ነው። ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሦስተኛውን ቀዳዳ ራሱ በሚስማር ነው የበሳው።

አባቱ አሁን ሻይ ውስጥ ሊሞክረው አስቧል፤ ስኳር ይሸፍነዋል ብሎ። በትምህርትሽ የማይመር ኪኒን ካለ ስሙን ጻፊልኝ። ሌላ ጥያቄ አትላኪ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ለአጎቴ፤

ሰላምታዬን እንደ ሁልጊዜው በረዥሙ መጻፍ ነበረብኝ። ዛሬ ግን ዕድሜዎን ያርዝመው ብዬ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ጎረቤት የለም። እኔም ከጣሪያው ጀምሮ አውቄ ነበር፤ አውቄ ዝም አልኩ። እርስዎ የጎረቤት ልጅ እያሉ ሲጽፉ ቢያንስ ይጽፉልኛል ብዬ ነው። ዝምታዬ ጥፋት ነበር።

ሻይ ውስጥ እንዳያደርጉበት። እለምንዎታለሁ፣ ካልሰሙኝም እቆጣዎታለሁ።

መምህሩም እንደ አራተኛዋ ጥያቄ ሕመምተኛ "ምግቤ ውስጥ ነገር ይጨምሩብኛል" ብሎ ፈራ። ጨምረውበታል። ሕመሙ የነገረው ውሸት ነበር፤ እርስዎ እውነት አደረጉለት። አሁን ማንን ይመን? ምላሱ እውነቱን ነግሮታል፤ አባቱ ሽንኩርት ነው ብሎታል። ደግሞ እየተፈጨ መወሰድ የሌለበት ኪኒን አለ፤ ስንት እንደገባ፣ መቼ እንደተቋረጠ ሐኪሙ አያውቅም። እስካሁን የከፋ ነገር ያልመጣው በዕድል ነው።

በእርስዎ ላይ ብቻ አልፈርድም። እትዬ የሞተች ጊዜ ልጅዎን ከሚያስተምርበት ከተማ "እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ና" ብለን ጠራነው። ሲደርስ ከተቀበረች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። "የት ናት?" አለኝ። "ተኝታለች" አልኩት። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ እንዳትነቃ ብሎ ጫማውን አውልቆ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ወደ ጓዳ ገባ። አይቼው ዝም አልኩ። አጎቴ፣ እኔ ፈተናውን የወደቅኩት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ቀን ላይ፣ በብርሃን፣ በሩ ክፍት ሆኖ ከእሱ እኩል ይቀመጡ፤ ቆመው አይናገሩት። ያደረጉትን በአጭሩ ይንገሩት። "ለአንተ ብዬ ነው" ብለው አይጀምሩ። የጠየቀዎትን ሁሉ ይመልሱለት። ከተቆጣ መንገድ ይልቀቁለት፤ ይቅርታ እንዲያደርግልዎ አይጠብቁ። ከዚያ ሐኪም ቤት፣ አብራችሁ፣ ምንም ሳይደብቁ። ሦስተኛዋን ጥያቄም ይጠይቁት። ካልደፈሩ እዚያ ያለው ነርስ እንዲጠይቀው ያድርጉ።

የኔ ፈተና ጥር 16 ነው። እኔ የኔን እፈተናለሁ፤ እርስዎ የእርስዎን።

ድንቢጥ


ጥር 22 ቀን

ለድንቢጥ፤

ሰላም ይብዛልሽ። ተፈትነሻል፤ እንዴት እንደሆነ ገና አላውቅም። እኔም ተፈትኛለሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ አራት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ተናድጄብሽ ነበር። "በእጄ ያደገች ልጅ ታዘኝ ጀመር" አልኩ ለራሴ። በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ወንበሬን ይዤ ገባሁ። በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፋል። በሩን ክፍት ተውኩት።

"ሾርባው ውስጥ ኪኒን ነበር" አልኩት።

እርሳሱን አላስቀመጠም። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመስከረም መግቢያ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"ስንት?"

"አንድ። ያመመህ የመሰለኝ ቀን ሁለት።"

ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ከዚያ "ሽንኩርቱስ?" አለኝ።

"ሽንኩርቱ አላረረም።"

ሳቀ። ድንቢጥ፣ እንደዚያ ያለ ሳቅ ለጠላቴም አልመኝም። "እኔ እኮ ምላሴን ነበር የጠረጠርኩት" አለ። "ራሴስ ይታመም፣ ምላሴም አበደ ወይ እያልኩ ስንት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ኖርኩ።" እኔ "ለአንተ ብ..." ብዬ ጀምሬ የቀረውን ዋጥኩት። "እማዬም ተኝታለች ነበር የተባልኩት" አለና ተነሥቶ አስወጣኝ። መንገድ ልቀቅ ስላልሽኝ ለቀቅኩ። በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

ሦስት ቀን ቆለፈ። ሱቅ ሄዶ ለመምጣት ብቻ ይወጣል፤ እኔን ግን እንደ ግድግዳ ያልፈኛል። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ጠዋትና ማታ በሩ ላይ ሄጄ ያመጣሁትን እናገራለሁ። "አራት እንቁላል ነው፣ ጥሬ ነው፣ ቅርፊቱ አልተነካም። ምድጃው ነጻ ነው፣ እኔ ደጅ እቀመጣለሁ።" "ሙዝ ነው፣ አልተላጠም።" አንድ ቀን ከውስጥ "ሰማሁ!" ብሎ ጮኸ። ደስ አለኝ፣ መጮኽም ንግግር ነው። ማታውን እንቁላሉን ራሱ ቀቅሎ ሲበላ ቅርፊቱን ሲሰብር ከደጅ ሆኜ ሰማሁ። አራቱንም በላ። ቆጥሬአለሁ።

በአራተኛው ቀን ልብሱን ለብሶ ወጣ። "ሐኪም ቤት እሄዳለሁ" አለኝ። "ያደረግኸውን አንተው በአፍህ ትነግራቸዋለህ። ስንሄድ ግን ሃያ እርምጃ ከኋላዬ።" ሃያ እርምጃ ሄድኩ። ወደ አሥራ ስምንት ስጠጋ ቆሜ እጠብቅ ነበር። የዕቃ መሸጫው ባለቤት ከሱቁ በር ላይ "ምነው ጋሼ፣ ከመምህሩ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?" አለኝ። በፊት ቢሆን "ምን አገባህ" ነበር የምለው። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብዬው እርምጃዬን ስቼ እንዳልቀርብ ሮጥ ሮጥ እያልኩ አለፍኩ።

ነርሱ አጭር ሰው ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ያደረግኩትን ነገርኩት። አንዳንዴ ሁለት እንደነበረም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" ብሎ ጻፈው። ከዚያ ለልጄ "አባትህ ይውጡ ወይስ ይቀመጡ?" አለው። ልጄ አየኝ። "ይቀመጥ፣ ይስማ" አለ።

"ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" አለው ነርሱ። ልክ አንቺ እንደጻፍሽው፣ በዚያው ቃል። ጆሮዬን በእጄ ልከድን ነበር።

"በኅዳር አስቤ ነበር" አለ ልጄ። "አሁን አይደለም።"

በኅዳር። እኔ በዚያ ሰሞን ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ ሀ ለ ሐ እል ነበር። ያንን ግድግዳ ራሴ ነኝ የገነባሁት፣ በግማሽ ብሎኬት፣ ሳል እንኳ ያሳልፋል። እኔ ግን አልሰማሁም፤ ሰው አይጠየቅም ብዬሽ ነበር።

ነርሱ አልደነገጠም። በምን እንዳሰበ፣ ምን እንዳስቆመው፣ ሐሳቡ ቢመለስ መጀመሪያ ለማን እንደሚናገር፣ ሁሉን አንድ በአንድ ጠየቀው። ልጄም መለሰ። በየሳምንቱ እንዲመጣ ተቀጠረ። ሐኪሙ የሚያደነዝዘውን ኪኒን በሌላ ቀየረለት፤ ኪኒኑን ከማሸጊያው የሚያወጣው እሱ ራሱ ነው፤ እኔ አልነካም። እኔ ደግሞ ለቤተሰብ በሚሰጠው ትምህርት ሐሙስ ሐሙስ እቀመጣለሁ። ደብተር ይዤ ነው የምሄደው። ከሁሉ የምበልጠው በዕድሜ ነው፣ በጥያቄም ማንም አይደርስብኝም።

ከእጄ ግን እስካሁን አይበላም። እጠብቃለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም።

አጎትሽ


የካቲት 18 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጤናዎ እንደ ጉልበትዎ፣ ጉልበትዎም እንደ ግትርነትዎ ይሁን።

አልፌአለሁ። ስለ ምግብ አንድም ጥያቄ አልመጣም፤ እኔ ግን ሁሉንም ስመልስ የእርስዎን ወንበር እያሰብኩ ነበር። ከመጪው ወር ጀምሮ በአእምሮ ሕሙማን ክፍል ሥራ እጀምራለሁ። ውጤቱን ያነበብኩት አንሶላ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው፤ የእርስዎም ደብዳቤ በዚያው ቀን ደረሰኝ። "በኅዳር" የሚለው ላይ ስደርስ የታጠፈውን አንሶላ ፈትቼ ፊቴን ሸፈንኩበት። አብራኝ የምትሠራው ሴት ሌላኛውን ጫፍ ይዛ ቆመች።

ከዚህ ጋር ሌላ ፖስታ አለ፤ ለመምህሩ ነው። በሩ ላይ ስላልኩት ነገር ጽፌለታለሁ። እንደታሸገ ይስጡልኝ።

ስለ እጅዎ ምግብ አይጎትጉቱት፤ "አሁንስ አታምነኝም?" ብለውም አይጠይቁት። ሲቀር ይቀር፣ የሚመጣ ከሆነም በራሱ መንገድ ይምጣ። እርስዎ ብቻ የሚሉትን ነገር እውነት ያድርጉት፣ ትንሹንም።

ድንቢጥዎ


መጋቢት 14 ቀን

ለነርሷ፤

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምጠራሽ። ድንቢጥ የምትባለውን ቤት ስትመጪ እንጠቀምባታለን። እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን፤ የማይድነውም ብቻውን አይቅር።

ፖስታውን እንደታሸገ ሰጠሁት። ወደ ብርሃን አንሥቼ እንኳ አላየሁትም፣ ምንም እንኳ ቢያምረኝም። ደጋግሞ አነበበው። ምን እንደሚል አልጠየቅኩትም። "እጽፍላታለሁ" ብሎኛል።

ደህና ቀንም መጥፎ ቀንም አለው። ባለፈው ሳምንት ጣሪያውን ቀና ብሎ ሲያይ አየሁት። "ፈርተሃል?" አልኩት። "ትንሽ" አለ። ሁለታችንም ደጅ ወጥተን ተቀመጥን። መሰላሉን ሸጬዋለሁ። ከትምህርት ቤቱም ጠይቀውታል፤ "ገና ነኝ" ብሎ በራሱ እጅ ጽፎላቸዋል።

ትናንት ከሐሙሱ ትምህርት ስመለስ ምድጃው ላይ ቆሟል። ሩዝ ቀቅሏል። አንዱን ሳህን ሞልቶ ከፊቴ አስቀመጠው። ማንኪያዬን ሳነሣ እጄን ያዘኝ።

"ጠይቀኝ" አለኝ።

"ምን ልጠይቅህ?"

"ምን እንዳለበት።"

"አንተን ደግሞ ምን ብዬ..."

"አባዬ፣ ጠይቀኝ።"

"ምን ጨመርክበት?" አልኩት።

እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ። "ሩዝ። ውኃ። ዘይት። ሽንኩርት። ካሮት። ጨው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

በላሁ። ቆሞ ያየኛል። "እንዴት ነው?" አለኝ። ይጣፍጣል ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት።

"ጨው በዝቶበታል" አልኩት።

ማንኪያውን ከእጄ ወሰደና ቀመሰው። "እውነትህን ነው" አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከዚያው ሳህን አብረን ጨረስነው።

አጎትሽ፣ ግንበኛው